ወንድነት የሚሰለብ ነገር ነውን?

አንዳንድ የአማርኛ ቃላት የጥንት ታሪካቸውን ደብቀው በየዕለቱ ንግግር ውስጥ ይመላለሳሉ። «ሰለባ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ በጋዜጣም ሆነ በሬዲዮ «የጦርነት ሰለባ»፣ «የበሽታ ሰለባ» ሲባል ተጎጂውን ለማመልከት ነው። ቃሉ ግን «ሰለበ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ በቀድሞው ዘመን ጦረኛ ከጣለው ጠላት ገላ ላይ ቆርጦ የሚወስደውን ብልት፣ ለገዳይነቱም ምስክር አድርጎ የሚያሳየውን ግዳይ ያመለክት ነበር። ከዚህ ልማድ በስተጀርባ አንድ እምነት አለ፤ ወንድነት በአካል ውስጥ የተወሰነ ቦታ ያለው፣ ስለሆነም ሊቆረጥ፣ ሊወሰድና ሊጠፋ የሚችል ንብረት ነው የሚል እምነት። ልማዱ ቀርቷል፤ እምነቱ ግን አልቀረም። የፕሮስቴት ካንሰር የተገኘበት ሰው ሐኪም ፊት ተቀምጦ ዕጢው በቀዶ ሕክምና መውጣት እንዳለበት ሲነገረው፣ ከሞት ፍርሃት ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከሞት ፍርሃት ቀድሞ የሚመጣበት ጥያቄ ይኸው ነው፤ «ከዚያ በኋላስ ወንድ ሆኜ እቀራለሁን?»

ጥያቄው መሠረት የሌለው አይደለም። ፕሮስቴት ከሽንት ፊኛ ሥር ተቀምጦ የሽንት ቱቦውን የከበበ፣ ከዘር ፈሳሹም ከፊሉን የሚያመነጭ ትንሽ ዕጢ ነው። ብልት እንዲቆም ትእዛዝ የሚያደርሱት ቀጫጭን ነርቮች በዕጢው ግራና ቀኝ ተጠግተው ያልፋሉ። ሂው ያንግ የተባለው አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1904 በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ካንሰር ያለበትን ፕሮስቴት ሙሉ በሙሉ ማውጣት ከጀመረ በኋላ፣ ለብዙ አሥርተ ዓመታት በዚህ መንገድ የታከሙ ወንዶች ሁሉም ማለት ይቻላል ለስንፈተ ወሲብ ይዳረጉ ነበር። የነርቮቹ መንገድ በውል የታወቀው ፓትሪክ ዋልሽ ከሆላንዳዊው ፒተር ዶንከር ጋር ባደረገው ጥናት ሲሆን፣ ዋልሽም እ.ኤ.አ. በ1982 ነርቮቹን ሆን ብሎ በማትረፍ የመጀመሪያውን ቀዶ ሕክምና አከናወነ። ይህ ትልቅ እርምጃ ነበር። ይሁንና ዛሬም ቢሆን ዋስትና የለም። ካንሰሩ ወደ ነርቮቹ ከተጠጋ ሐኪሙ እነርሱንም አብሮ ለማውጣት ይገደዳል፤ ሳይቆረጡ የተረፉትም እስኪያገግሙ ድረስ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ሁለት ዓመት ይፈጃሉ፤ ከነጭራሹ የማያገግሙም አሉ።

በዚህ የመጠበቂያ ጊዜ ሐኪሞች ከቀላሉ ወደ ከባዱ ይሄዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1998 ለገበያ የቀረበው ቪያግራና እርሱን የተከተሉት ክኒኖች ነርቭ ያመጣውን መልእክት ያጠነክራሉ እንጂ ራሳቸው መልእክት አያመጡም፤ ነርቩ ከተቆረጠ ብዙም አይረዱም። ቀጥሎ በብልት ላይ የሚወጋ መድኃኒትና አየር በመምጠጥ ደም የሚስብ መሣሪያ ይሞከራሉ። እነዚህ ሳይረዱ ሲቀሩ ነው እንግዲህ ሰው ሠራሽ መሣሪያ በብልት ውስጥ በቀዶ ሕክምና የመትከል ነገር የሚነሣው። ብራንትሊ ስኮትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1973 ያስተዋወቁት ዓይነት በብልቱ ውስጥ የሚገቡ ሁለት ረጃጅም ቱቦዎች፣ በሆድ ውስጥ የሚቀመጥ የጨው ውኃ ማጠራቀሚያና በቆለጥ ከረጢት ውስጥ የሚሸሸግ ትንሽ ፓምፕ አለው። ባለቤቱ ፓምፑን በጣቱ ሲጫን ውኃው ወደ ቱቦዎቹ ይገባል፤ ሲያበቃም ይመልሰዋል። ቀለል ያለው ዓይነት ደግሞ እንዳስፈላጊነቱ የሚታጠፍና የሚቀና ዘንግ ነው። ሁለቱም ከሰውነት ውጭ የሚታይ ነገር የላቸውም።

መሣሪያው የሚሰጠው ይህን ነው፤ የማይሰጠውንም ማወቅ ይገባል። ብልት እንዲቆም ያደርጋል እንጂ ፍትወትን አይፈጥርም። የብልትን የመዳሰስ ስሜት አይጨምርም፤ ፕሮስቴት ከወጣ በኋላ የማይኖረውን የዘር ፈሳሽም አይመልስም። ከመቶ ሰው በአንድ እስከ ሦስቱ ላይ መመርቀዝ ይደርሳል፤ ይህ ሲሆን ብዙውን ጊዜ መሣሪያው መውጣት ይኖርበታል። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው ስጋቱ ከፍ ይላል። ብዙዎቹ ከአሥር ዓመት በላይ ቢያገለግሉም እንደ ማንኛውም መሣሪያ ያረጃሉ። ከሁሉ በላይ፣ ለመሣሪያው ቦታ ሲባል በብልቱ ውስጥ ያለው ደም የሚሞላ ሥጋ ስለሚጎዳ፣ አንድ ጊዜ ከተተከለ በኋላ ወደ ተፈጥሯዊው መንገድ መመለስ አይቻልም። ሐኪሞች ነርቭ የማገገሚያ ጊዜው ሳያልፍ እንዳይቸኮል የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

ይህ ምርጫ በሐርጌሳ፣ ለምሳሌ በጋአን ሊባህ ሰፈር፣ በሚኖር አንድ አማርኛ ተናጋሪ ፊት ቀረበ እንበል። ሰውየው በቶጎ ውጫሌ በኩል ድንበሩን ተሻግሮ የመጣ፣ ስድሳ ዓመት የተጠጋው ባለትዳር ይሁን። የሰፈሩ ስም በሶማልኛ «የአንበሳ እጅ» ማለት ነው። ሶማልኛ «ራጋኒሞ» ሲል፣ አማርኛም «ወንድነት» ሲል፣ ሁለቱም ወንድ መሆንንና ጀግና መሆንን በአንድ ቃል ጠቅልለው ይጠራሉ። እንግዲህ ይህ ሰው የተወለደበትም የሚሠራበትም ቋንቋ አንድ ነገር ይነግሩታል ማለት ነው። ችግሩን ለሐኪም ለማስረዳት ቢፈልግ ደግሞ ሶማልኛው ለገበያ እንጂ ለገመና አይበቃውም። አስተርጓሚ ያሻዋል። አስተርጓሚዋም ምናልባት እዚሁ ተወልዳ ያደገች የገዛ ልጁ ትሆናለች። ለሚስቱ እንኳ ያልተነፈሰውን ቃል በልጁ አፍ እንዴት ያስተላልፍ? ስለዚህ ዝም ይላል።

ዝምታው የሚገባ ነው፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። የፕሮስቴት ካንሰር በጅምሩ ብዙ ጊዜ ምልክት አያሳይም፤ ለመዳን የሚቀለው ግን በጅምሩ ሲገኝ ነው። ወንድነቱን እንዳያጣ ፈርቶ ከምርመራና ከሕክምና የሚሸሽ ሰው አካሉን ለማዳን ሲል ሕይወቱን ያስይዛል። ክፉው ነገር ብልትን ማጣት ሳይሆን፣ ብልትን ከነፍስ በላይ እንዲያከብር ያስተማረው መለኪያ ነው።

ለመሆኑ መሣሪያውን መትከል በራሱ ተገቢ ነውን? «ፈጣሪ የወሰደውን ሰው በፓምፕ ሊመልስ አይገባም» የሚሉ አይጠፉም። ይሁን እንጂ መነጽር የሚያደርገው፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚያስተክለው፣ እግሩን በፈንጂ አጥቶ በሰው ሠራሽ እግር የሚራመደው ሁሉ በዚህ ፍርድ ተጠያቂ ሊሆን ነው። በሽታና ቢላዋ የወሰዱትን መጠገን ፍጥረትን ማረም አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ ነገሩን ከመነጽር ጋር እኩል ማድረግም ስሕተት ነው። መነጽር ይወልቃል፤ ይህ አይወልቅም። እግር ያጣ ሰው ሰው ሠራሽ እግር ሲያደርግ የቀረለትን አይሰጥም፤ ይህኛው ግን የቀረውን ጥቂት ተስፋ ቆርጦ መስጠትን ይጠይቃል። ጥገና ነው፤ ግን ዋጋው ተቆጥሮ ሊገባበት የሚገባ ጥገና ነው።

ጠገነ ሲባል ደግሞ ምኑን ጠገነ? ወንድነትን ነው ለሚል ሰው፣ የኢትዮጵያ ስም ከተነሣባቸው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪኮች ሁለቱን ማስታወስ ይበቃል። ኤርምያስ ጭቃ በሞላበት ጉድጓድ ተጥሎ ሊሞት ሲል፣ የይሁዳ መኳንንት ሞቱን በፈለጉበት ሰዓት ንጉሡ ፊት ቀርቦ የተናገረው ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ጃንደረባ ነበር። ከጉድጓዱ ሲያወጣውም ገመዱ የነቢዩን ብብት እንዳይቆርጠው አሮጌ ጨርቅ ፈልጎ አወረደለት። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ የተገኘውና በፊልጶስ እጅ የተጠመቀው ኢትዮጵያዊም ጃንደረባ ነበር። ያው የኢሳይያስ መጽሐፍ በምዕራፍ 56 ጃንደረባው ራሱን እንደ ደረቅ ዛፍ እንዳይቆጥር ይነግረዋል፤ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆችም የሚበልጥ ስም ተስፋ ይሰጠዋል። ከአቤሜሌክ የበለጠ ወንድ በዚያ ቤተ መንግሥት አልነበረም። ድፍረትም ርኅራኄም ከዚያ ብልት እንደማይመጡ የሀገሪቱ አማኞች ለዘመናት ሲያነቡት የኖሩት ታሪክ ይመሰክራል።

ነገር ግን ይህን እውነት በታመመው ሰው ላይ ዱላ አድርጎ ማንሣት ጭካኔ ነው። «ወንድነት በብልት አይደለም» የሚለው ቃል ጤነኛ ሰው ሲናገረው ርካሽ ነው። እግር የሰውን ክብር አይወስንም ማለት አንካሳውን ምርኩዝ መንፈግ አይደለም። ከሠላሳ ዓመት ትዳር በኋላ የሚስቱን ጎን የሸሸ፣ እንቅልፍ ሳይወስደው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ የሚያድር ሰው ያጣው ነገር እውነተኛ ነው፤ ሐዘኑም ሐዘን ነው። ስለሆነም ሁለት ነገሮች በአንድነት መያዝ አለባቸው፤ የጠፋው ነገር እውነተኛ መሆኑና የጠፋው ነገር ሰውየው ራሱ አለመሆኑ።

እዚህ ላይ እስካሁን ያልተጠየቀ አንድ ሰው አለ፤ ሚስቱ። ጥንታውያን ሕጎች ይህን ጉዳይ የወንዱ ብቻ አላደረጉትም። የእስልምና ሕግ ሊቃውንት ባል ከመጀመሪያው ለግንኙነት የማይችል ሆኖ ሲገኝ ሚስት አቤት የማለት መብት እንዳላት ይናገራሉ፤ ባልም የአንድ ዓመት ጊዜ ይሰጠዋል። የዓመቱም ምክንያት አራቱ ወቅቶች አልፈው ሕመሙ የሚለቅ መሆኑ እንዲታይ ነው። ጋብቻው ከተፈጸመ በኋላ በሚመጣ ስንፈት ግን አብዛኞቹ ሊቃውንት ይህን መብት አይሰጡም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግም ተጋቢው ለግንኙነት የሚያበቃ አካል የሌለው መሆኑን ሳያውቁ መጋባትን እንደ መሠረታዊ ስሕተት ይቆጥረዋል፤ ይህም በጋብቻው ጊዜ ስለነበረ ነገር እንጂ አብሮ ሲኖር ስለመጣ ደዌ አይደለም። ከእነዚህ ሕጎች ሁለት ትምህርት ይገኛል። አንደኛው፣ ጉዳዩ የሁለት ሰዎች ነው። ሁለተኛው፣ በትዳር ውስጥ የመጣ ሕመም የሁለቱ ሸክም እንጂ የአንዱ ጥፋት አይደለም። ዛሬ ሐኪሞች «ዓመት ታገሡ» ሲሉ የጥንቶቹ ሊቃውንት የተናገሩትን በሌላ ምክንያት መድገማቸው ነው።

ሚስት ስትጠየቅ መልሷ ባል እንደፈራው ላይሆን ይችላል። መሣሪያውን ልትፈልግ ትችላለች፤ ይህም ነውር የለበትም። ከመሣሪያው ይልቅ ፊቱን ከግድግዳው እንዲመልስላት ልትፈልግም ትችላለች። ሳያማክራት ቢላዋ ሥር የሚገባ ባል ለእርሷ ሲል ያደረገው ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን ለአንድ በዓይነ ሕሊናው ለሚያየው የወንዶች ሸንጎ ነው። መሣሪያው በሺህ የሚቆጠር ዶላር የሚያስወጣ፣ ጉዞም የሚጠይቅ ሊሆን ስለሚችል፣ የልጆች ትምህርትና የቤቱ ቁጠባ በዚህ ሸንጎ ፊት ይሠዋል። ያ ሸንጎ ግን መኝታ ቤት አይገባም፤ ሲታመምም አያስታምም።

በአደባባይ መናገርም ይቻላል። በ1977ቱ የኢትዮጵያ ረሀብ ጊዜ አሜሪካውያን ድምፃውያን ለዕርዳታ እንዲዘፍኑ ሐሳቡን ያመነጨው ሃሪ ቤላፎንቴ እ.ኤ.አ. በ1996 የፕሮስቴት ካንሰር ተገኝቶበት ከታከመ በኋላ፣ ወንዶች እንዲመረመሩ በግልጽ ሲቀሰቅስ ኖሯል። በአሜሪካ ጥቁር ወንዶች በዚህ በሽታ ከሌሎች ይልቅ ስለሚጠቁ ቃሉ ክብደት ነበረው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክንዱ የቆሰለው ሴናተር ቦብ ዶልም ፕሮስቴቱ እ.ኤ.አ. በ1991 ከወጣ በኋላ ስለ ስንፈተ ወሲብ በቴሌቪዥን ተናግሯል። የዶል ንግግር የመድኃኒት ፋብሪካ ማስታወቂያ በመሆኑ ብዙዎች ቀልደውበታል። ቢሆንም የጦር ቁስሉን ያልደበቀ ሰው ይህንንም አለመደበቁ ለብዙ ወንዶች ቃል ሰጥቷቸዋል። በሐርጌሳ ያለ ሰው ግን ቴሌቪዥን ላይ መውጣት አይጠበቅበትም። የሚያስፈልገው አንዲት ሚስት፣ አንድ ሐኪምና፣ ካስፈለገም ልጁ ያልሆነ፣ ምስጢር የሚጠብቅ አንድ አስተርጓሚ ነው።

እንግዲህ ጥያቄው «ይተከል ወይስ አይተከል?» ከሚለው አንድ እርምጃ ይቀድማል። የማገገሚያው ዓመት አልፎ፣ አደጋው ታውቆ፣ ቤቱ ሳይራቆት፣ ሁለቱ ተማክረው ቢያስተክሉ ጥገና ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም። ሁለቱ ተማክረው «ይህ ሳይኖርም እንኖራለን» ቢሉም ሽንፈት አይደለም፤ ፍቅር ብዙ በር አለው። ወንድነቱን ለማስመለስ ብሎ ብቻውን፣ በድብቅ፣ በእፍረት የሚያስተክል ግን መሣሪያው በደንብ ቢሠራለትም የፈለገውን አያገኝም፤ የፈለገው ነገር እዚያ አልነበረምና። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ የተናገሩት ስለ ሐኪም ቤት ብቻ አይደለም። ለሚስት መናገር፣ ለሐኪም መናገር፣ እየፈሩም መናገር ድፍረት ይጠይቃል። ሁለቱም ቋንቋዎች ወንድነት ብለው የሚጠሩት ደግሞ ይህንኑ ድፍረት ነው፤ እርሱንም ቢላዋ አይነካውም።