ከበላያችን የሚያልፉት



አብደራፊ ላይ ስለ ወፍ ከተነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ግሪሳ ነው። ማሽላ ስለሚጨርስ ማንም በደግ አያነሳውም። የዛሬው ወሬያችን ግን አንበጣና ፌንጣ ስለሚለቅምልን ሽመላና ጥንብ ስለሚያጸዳልን ጥንብ አንሳ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ሙልክ አንቀጽ 19 ከበላያችን ክንፋቸውን የሚዘረጉና የሚያጥፉ ወፎችን እንድናስተውል ይጠራናል። ሽመላን ያየ ይህ ይገባዋል። ክንፉን ዘርግቶ፣ ብዙም ሳያርገበግብ፣ ከምድር በሚነሳ ሙቅ አየር ሽቅብ ይወጣል። ባሕር ላይ እንዲህ ያለ አየር እምብዛም ስለማይነሳ ከአውሮፓ ሲመጣ በቱርክ፣ በሲናና በግብፅ የብሱን ተከትሎ ወደ ጎረቤታችን ሱዳን ይወርዳል። በዚህ የስምጥ ሸለቆና የቀይ ባሕር መስመር በየዓመቱ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ትልልቅ ወፎች ያልፋሉ።

ነፋስ የተመቸበት ቦታ ግን ለተርባይንም ይፈለጋል። አገራችን በአሸጎዳ፣ በአዳማና በአይሻ ተክላለች። መብራት ኒዕማ ነው፤ ቆላ ላይ ያለ ጄኔሬተር መኖርን ማን ይጠላል? ጥንብ አንሳ ግን ሲበር ዓይኑ መሬት ላይ ስለሆነ ከፊቱ የሚሽከረከረውን ክንፍ ላያይ ይችላል። ሽቦውም ይገድላል። በፖርት ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መስመር የግብፅ ጥንብ አንሳዎችን ለአሥርት ዓመታት ሲፈጅ ኖሮ የተቋረጠው በ2014 ነው። ያን ሁሉ ዓመት!

«ወይ ወፍ ወይ መብራት» የሚሉ አሉ፤ አልቀበለውም። በግብፅ ጀበል አዝ-ዘይት ጠባቂዎች መንጋ ሲመጣ ካዩ ተርባይኑ ይቆማል፤ ሲያልፍ ደግሞ ይነሳል። የምሰሶ ሽቦም ይሸፈናል። ይኼው ነው።

አቡ ዳውድ ከኢብኑ መስዑድ (ረ.ዐ) እንደዘገቡት ሰሓቦች በጉዞ ላይ ሳሉ የአንዲት ወፍ ሁለት ጫጩቶች ወሰዱ። እናቲቱ ክንፏን እያርገበገበች መጣች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው ጫጩቶቿ እንዲመለሱላት አዘዙ። ለአንዲት ወፍ!

ምህንድስና የምትማሩ፣ ነገ በወረዳ ቢሮ የምትቀመጡ ወጣቶች፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ኅብረተሰቡ አስተያየት እንዲሰጥ መንገድ ከፍቷል። በስብሰባው ስለ ካሳና ስለ ሥራ ዕድል ስትጠይቁ፣ ወፎቹ በየትኛው ወር በየት በኩል እንደሚያልፉ ማን እንደቆጠረ፣ መንጋ ሲመጣ ማሽኑን የሚያቆመው ማን እንደሆነም ጠይቁ።