ለንብ ዕዳ አለብንን?

ዕዳ የሚባለው ነገር በሰውና በሰው መካከል ብቻ የሚገኝ ነውን? ወይስ ሰው ላልሆነ ፍጥረትም ባለ ዕዳ ልንሆን እንችላለን? ጥያቄው ለፈላስፎች ብቻ የተተወ ይመስል ይሆናል። በሐይቅና በአምባሰል ለሚኖር ሰው ግን ከጓሮው አጥር የሚጀምር ጥያቄ ነው። የአምባሰልን ስም አንዳንዶች «አምባ» ከሚለው ቃልና ማርን በዐረብኛ «አሰል» ከሚለው ቃል አጣምረው «የማር አምባ» ብለው ይተረጉሙታል። ትርጓሜው በታሪክ ቢጸናም ባይጸናም፣ ሕዝቡ ከንብ ጋር ያለውን የቆየ ዝምድና ይመሰክራል። ክርስቲያኑ ከሰሟ በተሠራ ጧፍ ይጸልያል፤ የሙስሊሙ ጎረቤቱ ቅዱስ መጽሐፍም 16ኛውን ምዕራፍ በንብ ስም ይጠራል።

ይሁን እንጂ ንብን የምናመሰግናት ስለ ማሯና ስለ ሰሟ ብቻ ነው። ከዚህ የሚበልጠው ሥራዋ ሳይቆጠር ይቀራል። ጤፍ፣ ስንዴና ማሽላ ያለ ንብ እንደሚያፈሩ የታወቀ ነው። ኑግ ግን በራሱ ብናኝ ፍሬ ለመያዝ ስለማይችል ከሌላ የኑግ ተክል ብናኝ የሚያመጣለት ይሻል፤ አምጪዋም በአብዛኛው ንብ ናት። ባቄላውም፣ ቡናውም፣ ፍራፍሬውም በየመጠናቸው ከእርሷ ድካም ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ በዓለም ዋና ዋና ከሚባሉት 115 የምግብ ሰብሎች መካከል 87ቱ በነፍሳትና በሌሎች እንስሳት አማካይነት ከሚደረገው የብናኝ ዝውውር ይጠቀማሉ። እንግዲህ ቀፎ የሌለው ሰው እንኳ የንብ ተጧሪ ነው ማለት ነው።

«ንብ ለራሷ ስትል ትቀስማለች እንጂ ለእኛ አስባ አትደክምም፤ ታዲያ ዕዳው ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። አባባሉ ቀላል አይደለም። ነገር ግን በመንገድ ዳር ያለ ምንጭም ለመንገደኛው አስቦ አይፈልቅም። ከጠጣ በኋላ ምንጩን አደፍርሶ የሚሄድ ሰው ግን በደለኛ መሆኑን ማንም አይክድም፤ ከኋላው የሚመጣውን ተጠሚ በድሏልና። ዕዳ የሚለካው በሰጪው አሳብ ብቻ ሳይሆን በተቀባዩም አኗኗር ነው።

በንብ ጉዳይ ይህ ይበልጥ ይጎላል። ንብ ለቀሰም እስከ 3 ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ትበራለች፤ የማንንም ወሰን አታውቅም። በአንዱ ጓሮ የበቀለ አበባ የሌላውን ቀፎ ይሞላል፤ የሦስተኛውንም ማሳ ያስፈራል። እንደዚሁም አበባ ባበበበት ሰዓት በአንዱ ማሳ የተረጨ መርዝ የማያውቀውን ሰው ቀፎ ባዶ ያደርጋል። ባለ ንቡ ንቦቹን ተከትሎ የት እንደሞቱ ሊያይ አይችልም፤ ዳኛም በዳዩን ለይቶ ለማወቅ ይቸግረዋል። በዚህ ስፍራ የሚቀረው ዳኛ ኅሊና ብቻ ነው።

ስለ ባሕር ዛፍም እውነቱን መናገር ይገባል። ንብ አበባውን ትቀስማለች፤ ንብ አርቢም አይጠላውም። ችግሩ የባዕድ አገር ዛፍ መሆኑ ሳይሆን ኮረብታውን ሁሉ ብቻውን ሲይዝ ነው። ያን ጊዜ የአንድ ወቅት ጥጋብ ይሆንና ቀሪው ወራት ረኀብ ይሆናል። አገር በቀሉ ዕፅዋት ግን ዓመቱን ተካፍለው ይይዙታል፦ በመስከረም አደይ አበባ፣ በጥቅምት ገደማ ዋንዛ፣ በበጋው ወራት ግራዋ፣ በበልጉ ብሳና። ከእነዚህ የተውጣጣ ትንሽ የአትክልት ስፍራ ንቢቱን ከወር ወደ ወር ያሻግራታል።

«እንጀራ በጠፋበት መሬት አበባ እንዴት ይተከላል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት ግዴታችን ነው። ማሳው ጠቧል፤ ወሎም ረኀብን በስም ብቻ አያውቀውም። ስለሆነም የምንለው ማሳ ይተው አይደለም። የማሳ ወሰን፣ የቦረቦር ዳር፣ የትምህርት ቤት ግቢ፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ ዐጸድ፣ የመቃብር ስፍራ ሁሉ ይበቃል። ሥራውም ከባድ አይደለም፦ አደዩ ዘሩን ሳያረግፍ አለማጨድ፤ ችግኙን በመጀመሪያው በጋ ውኃ ማጠጣትና ከከብት መከለል፤ መርዝ መርጨት ግድ ከሆነም አበባ በሌለበት ጊዜ፣ ንብም ወደ ቀፎዋ በገባችበት ምሽት መርጨት፤ ማር ሲቆረጥም ለንቧ ስንቅ መተው። ከዚህ ጋር ጥቂት ያልተቆፈረ መሬትና አንድ ሁለት የደረቀ ግንድ መተው ያስፈልጋል፤ ጣዝማ ከመሬት ውስጥ፣ ሌሎችም ቀፎ የማያውቁ ጥቃቅን ንቦች በአፈርና በእንጨት ውስጥ ይኖራሉና።

የግብረ ገቡ መፈተኛ ያለው እዚሁ ላይ ይመስለናል። ለማር ንብ ብቻ የሚተክል ሰው ትርፉን ያሰላል፤ ይህም ነቀፌታ የለበትም። ስም እንኳ ላላወጣንላቸው ነፍሳት ስፍራ የሚተው ግን ከስሌት አልፎ ወደ ፍትሕ ገብቷል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቼስኮስ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው፣ ፍጥረት ሁሉ ለሰው ከሚሰጠው ጥቅም በፊት በእግዚአብሔር ዘንድ የራሱ ዋጋ እንዳለው አስተምረዋል።

ይህ ትምህርት ለአገሩ አዲስ አይደለም። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞዐ ዘመን በትምህርት የገነነው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ዛፎቹን የጠበቀው የእግዚአብሔር ናቸው ብሎ ነው። እኛን የሚያሳስበን ቅድስናው በገዳሙ አጥር ማብቃቱ ነው። አንድ ዛፍ ከመጥረቢያ ለመዳን የግድ በገዳም መብቀል አለበትን? የእግዚአብሔር የሆነው መሬት በቅጽር የታጠረው ብቻ ነውን?

ክረምቱ ሲገባ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ በወሰኑ ላይ አንድ ብሳና ወይም አንድ ግራዋ ቢተክል፣ ማሩን ምናልባት ሌላው ይበላ ይሆናል። ይብላ። እኛም እስከ ዛሬ የበላነው ሌሎች ከተከሉትና ሳይቆርጡ ከተዉት ነው።