የፈረሰ ቤት ስለሚገዙ ባልና ሚስት

ባልና ሚስት ተመካክረው አሮጌ ቤት ቢገዙና ቢያድሱ ማን ይነቅፋቸዋል? በአንድ ልብ መሥራታቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የሁለት ሰዎች መስማማት ብቻውን ሥራውን ጻድቅ አያደርገውም። አክዓብና ኤልዛቤል ስለ ናቡቴ የወይን ቦታ፣ ሐናንያና ሰጲራም ስለ መሬታቸው ዋጋ ተስማምተው ነበር። ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ በመከራ ቀን የሚሸጠውን ቤት በርካሽ መግዛት ለክርስቲያን ይገባልን?

በካርቱም ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ ብቻ አይደለም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርና በፈጥኖ ደራሹ ኃይል መካከል ጦርነት በተነሣ ጊዜ እጅግ ብዙ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። በዚያ በቀን ሥራና በቤት ሥራ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ወገኖቻችንም አብረው ተሰደዱ። ጦሩ መጋቢት 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ቤተ መንግሥቱን መልሶ ከያዘ በኋላ ሰዎች ወደየሰፈራቸው ሲመለሱ፣ ግድግዳው የቆመው ቤት እንኳ በብዙ ስፍራ የመብራት ሽቦው ከውስጡ ተመዞ፣ ዕቃውም ተዘርፎ አገኙት። እንዲህ ባለ ጊዜ ለልጆቹ እንጀራ ያጣ ሰው ቤቱን ሲሸጥ ስለ ዋጋ አይከራከርም።

አንዳንዶች «ገዢ ባይገኝ ችግረኛው ይጠፋ ነበር፤ መግዛታችን እርዳታ ነው» ይላሉ። ቃሉ እውነትነት አለው። ይሁን እንጂ ስለ ተሰነጠቀው ግድግዳ ዋጋ መቀነስ አንድ ነገር ነው፤ ስለ ሻጩ ረኃብ ዋጋ መቀነስ ሌላ ነገር ነው። ይህ ሰው በሰላም በደጁ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስንት ብለን እንሰጠው ነበር? ባል ይህን መጠየቅ ቢረሳ ሚስት ትጠይቅ። ጴጥሮስ ሰጲራን ለብቻዋ እንደ ጠየቃት እናስተውል፤ የባልዋ መልስ እርስዋን ከመመለስ አላዳናትም።

የኤርምያስን ግዢ ከዚህ ጋር እናስተያየው። ባቢሎናውያን ኢየሩሳሌምን ከበው ሳሉ፣ እርሱም በግዞት ሳለ፣ የአጎቱ ልጅ አናምኤል በዓናቶት ያለውን እርሻ ግዛኝ አለው። ነቢዩ «ነገ ጠላት ይወስደዋል» ብሎ ዋጋ ማስወደቅ ይቻለው ነበር፤ ግን እንደ ተከራከረ አልተጻፈም። 17 ሰቅል ብር መዘነለት፤ ውሉን ጻፈ፣ አተመ፣ ምስክሮችም ጠራ። ምስክር መጥራቱ ትንሽ ነገር አይደለም። ሕዝብ በተበተነበት ከተማ ሻጩ በእውነት ባለቤቱ መሆኑን ጎረቤት ሳይጠይቁ ቁልፍ መቀበል ወደ ናቡቴ ወይን ቦታ መግባት ሊሆን ይችላልና።

ከግዢው በኋላ ሥራው ይመጣል። የካርቱምና የኦምዱርማን የቀድሞ ቤቶች ብዙዎቹ ጃሉስ በሚባለው አሠራር የቆሙ ናቸው፤ ጭቃው በእጅ ይደራረባል፣ አንዱ ዙር ሳይደርቅ ሌላው አይጫንበትም። ክረምት ሳይገባ እበትና ጭቃ ተደባልቆ ይመረጋል፤ እነርሱ ዝባላ ይሉታል። የደጋ እናቶቻችን ለዚህ አስተማሪ አያሻቸውም፤ ምርጊት ከልጅነታቸው የሚያውቁት ነው። በ1980 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በካርቱም በአንድ ቀን ከ200 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ወርዶ ብዙ የጭቃ ቤት አፈረሰ። በ2012 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ዓባይ ሞልቶ ሰፈሮችን አጥለቀለቀ። እንግዲህ ጃሉስ ቤት የሚገዛ በየዓመቱ የሚመለስ ሥራ ይገዛል፤ ባልና ሚስትም ይህን አስቀድመው ቢነጋገሩበት ይሻላል።

በኦሪት ዘሌዋውያን በ14ኛው ምዕራፍ ስለ ታመመ ቤት የተሰጠው ሥርዓት ዛሬም ለግንበኛ ይጠቅማል። ቤቱ አስቀድሞ ባዶ ይደረጋል፣ ይመረመራል፤ የተበከለው ድንጋይ ይወጣል፣ ግድግዳው ይፋቃል፣ ከዚያ በኋላ ብቻ ይመረጋል። ምስጥ የበላውን አግዳሚና ጨው የሰረሰረውን የግድግዳ ሥር በአዲስ ምርጊት መሸፈን ሽንገላ ነው፤ በተለይ መልሶ ለመሸጥ ከሆነ። የጭቃ ረጋጩ ደመወዝም ፀሐይ ሳትጠልቅ ይከፈል ዘንድ በሕጉ ታዝዟል፤ ረጋጩ ስደተኛ ቢሆን እንኳ ሕጉ መጻተኛውን በስም ጠርቶታል።

ኤርምያስ የውሉን ደብዳቤ ብዙ ዘመን እንዲቆይ በሸክላ ዕቃ ውስጥ አስቀመጠው። እርሱ ራሱ በዚያ እርሻ ላይ እንዳረሰ አናነብም፤ ወገኖቹ ወደ ግብፅ ይዘውት ወረዱ።