የዋላስ ሽርጥ

በፈረንጆቹ 1995 የወጣውን «ብሬቭሃርት» ስንቴ እያስቆምኩ አየሁት መሰላችሁ! የዊልያም ዋላስ ሽርጥ፣ ያ ኪልት የሚሉት፣ ጥለቱ የየትኛው ጎሳ እንደሆነ ልለይ ብዬ ነበር።

ለካ ጥያቄዬ ራሱ ስህተት ነው። ዋላስ የተገደለው በ1305 ነው፤ የስኮትላንድ ደገኞች የዚህን ልብስ ቀደምት ዓይነት የታጠቁት ደግሞ 300 ዓመት ያህል ዘግይተው ነው። ለየጎሳው ጥለት መመደቡም በአብዛኛው የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈጠራ ነው።

«ፊልም አይደል እንዴ፣ ምን ችግር አለው?» ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ነገር ግን በ1746 የብሪታንያ ፓርላማ ደገኞቹን ይህንኑ ልብስ ከለከላቸው፤ ለብሶ የተገኘ 6 ወር እንዲታሰር ደነገገ። እገዳው የተነሳው በ1782 ነው።

ልብሱን ለዋላስ ስናለብሰው፣ በእሱ ሰበብ እስር የተደነገገባቸውን ሰዎች እየገፈፍን አይደለም? ጀግናን ማክበር ጥሩ ነው፤ በሰው ልብስ ግን አይሁን።