ዋጋውን እያወቀ ዝም ያለ ገዢ ሌባ ነውን?

መርካቶ ውስጥ የልብን ዋጋ መደበቅ ነውር አይደለም። ሻጩ «አያዋጣኝም» ይላል፤ ገዢው «በቃ ተወው» ብሎ ጥቂት እርምጃ ይሄዳል፤ ተጠርቶ ይመለሳል። ሁለቱም የልባቸውን አልተናገሩም፤ ግን አንዱ ሌላውን ሌባ አይለውም። ታዲያ ይህንኑ ልማድ ይዘን ወደ ወሎ ገደሎች ብንወርድ ፍርዳችን እንዳለ ይጸናል ወይ?

በ2000 ዓ.ም. በደላንታ፣ በወገል ጤና አካባቢ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ ተገኘ። ድንጋዩ ያለው በእሳተ ገሞራ አለት መካከል፣ ገደሉን ተከትሎ አግድም በተዘረጋ ስስ ንጣፍ ውስጥ ነው። ስለዚህ ቆፋሪው በእጅ መሣሪያ ገደሉን እየሰረሰረ፣ እያጎነበሰ ይገባል። ዋሻው ተደርምሶበት እዚያው የቀረ አለ። ወጥቶ የተረፈው ያገኘውን በግራም ወይም በኪሎ ይሸጣል። ተሞርዶ ያማረው ኦፓል ግን በውጭ አገር ገበያ የሚሸጠው በካራት ነው፤ አንድ ኪሎ ደግሞ 5,000 ካራት ነው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ድንጋይ ይዘው በሁለት ሚዛን ያስባሉ ማለት ነው።

ሌላም አለ። የወሎ ኦፓል ውሃ ይጠጣል። ውሃ ውስጥ ሲቆይ ኅብረ ቀለሙ ይጠፋና እንደ መስተዋት ብርሃን ያሳልፋል፤ ሲደርቅ ቀለሙ ይመለሳል። ይህን ያላወቀ ሰው ተበላሸብኝ ብሎ በርካሽ ሊለቀው ይችላል። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» ይባል የለ? ተረቱ የሚወቅሰው ንቀትን ነው። እዚህ ያለው ግን አለማወቅ ነው፤ አለማወቅ ደግሞ አያስወቅስም።

እንግዲህ ሁለት ሰዎች እናስብ። አንዱ ቆፋሪ ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ ስንጥቅ መኖሩን እያወቀ ዝም ብሎ ይሸጣል። ሌላው ገዢ ነው፤ ድንጋዩ የተጠየቀበትን ዐሥር እጥፍ እንደሚያወጣ እያወቀ ዝም ብሎ ይገዛል። የመጀመሪያውን «አጭበርባሪ»፣ ሁለተኛውን «ብልጥ ነጋዴ» እንላለን። ለምን? ዝምታቸው አንድ አይደለም እንዴ?

ክርክሩ ጥንታዊ ነው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታ በጻፈው መጽሐፍ፣ በረሃብ ጊዜ ሮድስ ደሴት እህል ይዞ የደረሰ ነጋዴን ያነሣል። ነጋዴው ሌሎች የእህል መርከቦች ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን ያውቃል። ይናገር ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? ፈላስፋው ዲዮጌኔስ ሕግ ካላስገደደው ዝም ማለት ይችላል ሲል፣ ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ መናገር አለበት ብሎ ይሞግታል። ሲሴሮም ነጋዴው መደበቅ አልነበረበትም ሲል ፈረደ።

ለዲዮጌኔስም ግን ጆሮ እንስጠው። ዕውቀት በነጻ አይገኝም። ነጋዴው አገር አቋርጧል፣ ገንዘቡን ለአደጋ አጋልጧል፤ ድንጋዩ ሲሞረድ ብዙ ክብደት ያጣል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። የሚያውቀውን ሁሉ ይናገር ካልን ለማወቅ ማን ይደክማል? እውነት አለው።

መልሱን ራሷ መርካቶ የምትሰጠን ይመስለኛል። በጣልያን ወረራ ዘመን (1928–1933 ዓ.ም.) ገበያው ከአራዳ ወደዚህ የተዛወረው መርካቶ በተራ የተከፈለ ነው፤ ሸማ ተራ አለ፣ ሳጥን ተራ አለ፣ ምናለሽ ተራ አለ። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ያልጣመው ሰው አጠገቡ ያለውን ይጠይቃል፤ ሦስት ሱቅ ከዞረ ዋጋው ይገለጥለታል። የነጋዴው ዝምታ የማይጎዳው ጎረቤቱ ስለሚናገር ነው። ደላንታ ገደል አፍ ላይ ግን ለቆፋሪው ማን አለው? የመጣው ደላላ ብቻ ሲሆን፣ ያ ዝምታ ብልጠት መሆኑ ቀርቶ ቅሚያ ይሆናል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል። መልካም፤ ግን ባለቤት መባልና ዋጋ ማወቅ ለየቅል ናቸው። ዋጋውን የማያውቅ ባለቤት የሰው ዕቃ ጠባቂ ነው። ስለዚህ የተማርን ነን የምንል ሰዎች ዕዳ አለብን፤ ካራትን፣ ሚዛንን፣ የድንጋዩን ጠባይ በገበሬው ቋንቋ ማስረዳት። የምናውቀውን ይዘን ዝም ካልን፣ ከዚያ ገዢ በምን እንሻላለን?