ያችው ታንኳ ናት?

እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1934 ድረስ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ የተቀመጠው ሻለቃ ሮበርት ቺዝማን፣ ከዚያው እየተነሣ የዓባይን መሄጃ ተከትሏል፣ የጣናን ዳርቻና ደሴቶች አስሷል። ያየውንም እ.ኤ.አ. በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍሯል። ዛሬ በማለዳ ከዳንግላ መናኸሪያ የሚሳፈር ቤተሰብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ባሕር ዳር ሲገባ፣ በቆንስሉ ዘመን የነበረችውን የደንገል ታንኳ አሁንም ውኃው ላይ ያገኛታል። አፍንጫዋ ቀና፣ ወገቧ ጠበብ ብሎ፣ ከሞተር ጀልባዎቹ ጎን ድምፅ ሳታሰማ ትሄዳለች።

ልጅ ልጅ ነውና ይጠይቃል፦ «አባዬ፣ ይቺ የድሮዋ ናት?»

አባት «አዎ» ቢል ዋሸ፤ «አይደለችም» ቢልም እውነቱን አጎደለ። ቺዝማን ካያቸው ታንኳዎች አንድ አገዳ አልተረፈም። ደንገል ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ ይንሳፈፋል፤ ውኃውን ቀስ በቀስ ሲጠጣ ግን ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ስለዚህ ባለታንኳው ሥራውን ሲጨርስ ከውኃ ያወጣትና ፀሐይ ላይ ያደርቃታል። እንዲያም ሆኖ ዕድሜዋ በወራት የሚቆጠር ነው። ስታረጅ ሌላ ደንገል ይታጨዳል፣ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፤ ነዶዎቹም ተጣምረው በገመድ ይጠፈራሉ። ከቆንስሉ ዘመን ወዲህ ታንኳ ስንት ጊዜ ሞታ ስንት ጊዜ እንደተወለደች ማን ይቆጥራል?

የልጁ ጥያቄ ከጥንት ጀምሮ ፈላስፎችን ያከራከረ ነው። ፕሉታርክ እንደጻፈው፣ አቴናውያን የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ የበሰበሰ ሳንቃዋን እያወጡ በአዲስ እየተኩ ለዘመናት አቆይተዋታል። ፈላስፎቹ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሾቹ ያችው ናት አሉ፣ ግማሾቹ አይደለችም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ቶማስ ሆብስ ነገሩን አከረረው፦ አንድ ሰው የወጡትን አሮጌ ሳንቃዎች ሰብስቦ እንደ ቀድሞው ቢገጥማቸው፣ ከሁለቱ መርከቦች የቴሴዎስ የትኛዋ ናት?

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ፕሊመዝ ወደብ ላይ ይኸው ጥያቄ በእንጨት ተሠርቶ ቆሟል። እ.ኤ.አ. በ1620 ስደተኞችን አሳፍራ የተሻገረችው ሜይፍላወር የለችም፤ አምሳያዋ ግን በእንግሊዝ አገር ተሠርታ እ.ኤ.አ. በ1957 አትላንቲክን በሸራ አቋረጠች። ወላጆች ልጆቻቸውን ይዘው ይወጡባታል። አምሳያዋም በተራዋ አረጀችና እ.ኤ.አ. በ2020 በተጠናቀቀው እድሳት አብዛኛው እንጨቷ ተለወጠ። አምሳያዋንም የቴሴዎስ መርከብ ዕጣ ደረሳት።

ለጣና ቅርብ የሆነው ታሪክ ግን የኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ነው። ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሣ። ደንገሉን ከጣና አስመጣ፤ ከቻድ ሐይቅ ታንኳ ሠሪዎችን ጠራ፤ ቅርጹን ከግብፅ የመቃብር ሥዕሎች ወሰደ። «ራ» የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነሥታ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደች። ከዚያ ኋላዋ እየሰጠመ መጣና ባሕርተኞቹ ጥለዋት ወጡ።

ምክንያቱ ሥዕሉ ላይ ነበር። ከተቆለመመው የኋላ ጫፍ ወደ መርከቧ ወለል የተወጠረ አንድ ገመድ ይታያል። ሐይቅ ላይ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለ ገመድ አያስፈልገውም፤ በግንባታው ጊዜም ቦታ አልተሰጠውም። ማዕበሉ ግን ገመዱ ጌጥ እንዳልነበረ አስረዳ። ኋላዋን እንደ ደጋን ወጥሮ ከውኃው በላይ የሚይዛት እርሱ ኖሯል። በሚቀጥለው ዓመት ከቦሊቪያው የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ የአይማራ ሠሪዎች፣ አሁንም በኢትዮጵያ ደንገል፣ «ራ ሁለት»ን ሠሩ። በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። ይህ ግብፃውያን በእርግጥ ተሻግረዋል ማለት አይደለም፤ መቻልና ማድረግ ይለያያሉ። ነገር ግን ሺህ ዓመታት ግድግዳ ላይ ሲታይ የኖረ ገመድ ሥራው የታወቀው አምሳያ ተሠርቶ፣ ተጭኖበት፣ ሲሰበር ነው።

«ራ ሁለት» ዛሬ ኦስሎ በሚገኘው የኮን-ቲኪ ሙዚየም ውስጥ ናት። የጣና ደንገል እዚያ በደረቅ አዳራሽ ለአሥርት ዓመታት ቆይቷል፤ በሐይቁ ላይ የቀሩት ዘመዶቹ በዓመት ውስጥ ሲበሰብሱ እርሱ አለ። ታዲያ ታንኳ ይበልጥ የተጠበቀችው የት ነው? ኦስሎ ያለችው አገዳዋ ሁሉ ተጠብቆላታል፣ ሸክም ግን ከተሸከመች ቆይታለች። የጣናዋ አንድም ያረጀ አገዳ የላትም፤ ዛሬ ጠዋት ግን እንጨት ጭና ገበያ መጥታለች።

ይህ ግን በሁሉም ነገር አምሳያ ዋናውን ይተካል ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የቆመችው ድንቅነሽ ቅጂ ናት። ልጅ በቅጂዋ ቁመቷንና አቋሟን ይማራል፤ የነገ ተመራማሪ አዲስ ጥያቄ ሲያመጣ ግን ከቅጂው መልስ አያገኝም፣ አጥንቱን ራሱን ይሻል። የድንቅነሽ ትርጉም ያለው በአካሏ ውስጥ ነው። በየቤተ ክርስቲያኑ መንበር ላይ ያለው ታቦት ደግሞ ሌላ ነው፤ የሙሴን ጽላት አምሳል ይዞ በጳጳስ ይባረካል፣ ታቦቱ ሲወጣ ምእመኑ እልል የሚለውም ቅጂ አየሁ ብሎ አይደለም። እዚያ ትርጉሙ በእንጨቱ ዕድሜ ሳይሆን በቡራኬውና በአምልኮው ነው። የታንኳ ትርጉም ደግሞ በእጅ ውስጥ ነው፤ ነዶውን ምን ያህል ማጥበቅ፣ አፍንጫውን የት ላይ ማቅናት እንደሚገባ በሚያውቅ እጅ።

ይህ ከሆነ የታንኳ ዕጣ የሠሪዎቿ ዕጣ ነው። በዚህ ሙያ ስማቸው አስቀድሞ የሚነሣው በጣና ዳርቻ የሚኖሩት ወይጦዎች ናቸው። ጉማሬ አድነው ይበሉ ስለነበር ጎረቤቶቻቸው ለዘመናት አብረዋቸው ማዕድ አልቀረቡም፤ የራሳቸው ቋንቋም ጠፍቶ ዛሬ አማርኛ ይናገራሉ። ታንኳዋን የወደደ አገር ሠሪዋን ሲንቅ መኖሩ ሊያሳዝን ይገባል። ደንገሉም እየሳሳ ነው፤ ዳርቻው ለእርሻ ይፈለጋል፣ እምቦጭ የተባለው አረም ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የሐይቁ መከራ ሆኗል። ደንገልና እጅ ሲጠፉ ታንኳን መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ያኔ ግን የልጁ ጥያቄ መልሱ ይለወጣል።

ባሕር ዳር ለጎብኚ የምትሸጥ፣ ክንድ የማትሞላ የደንገል ታንኳ አለች። እሷን ይዞ ወደ ዳንግላ የሚመለስ ልጅ መርዓዊን አልፎ ግልገል ዓባይ ድልድይ ሳይደርስ አንዱን ቋጠሮ ፈትቶታል። ቀሪውን መንገድ ራሱን ደፍቶ መልሶ ለማሰር ይታገላል፤ አባትም እጁን ዘርግቶ አገዳዎቹን ይይዝለታል።