አደባባዩ የማን ነው?

ግንቦት 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መስቀል አደባባይ የሙግት ሜዳ ሆነ። ሙስሊሞች ለግንቦት 1 ያሰናዱት የጎዳና ኢፍጣር ቀርቶ ከሁለት ቀን በኋላ እዚያው ተካሄደ። ለብዙ ኦርቶዶክሳውያን አደባባዩ የደመራ ስፍራ ነው፤ ስሜታቸው አይናቅም። ግን የጾመኛ ማዕድ ሲዘረጋበት ክብሩ ይጎድላል? አይጎድልም።

የአዲስ አበባው ካዛንቺስ ሰፈር ይህን የአብሮነት ጥያቄ በእድር መልሶት ነበር። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የየራሱን እርድ ይበላ ነበር፤ ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ አንድ ነበር። መለየቱ ራሱ መከባበር ነው።

አብሮ መቆሙም አዲስ አይደለም፤ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው አዲስ አበባ ላይ ሲሰለፉ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጥተዋል።

በ2017 ዓ.ም. ግን ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ነዋሪዎቹ ወደ ገላን ጉራ ተዛወሩ። ከቤቱ ጋር እድሩም ሊታሰብ ይገባ ነበር።